ካፌ ሬሰር

ካፌ ሬሰር (ትርጉሙ፦ የካፌ ተወዳዳሪ) ተራ የመንገድ ሞተር ሳይክል ክብደቱ ተቀንሶና አቀማመጡ ተለውጦ በውድድር ሞተር መልክ ሲሠራ የሚሰጠው ስም ነው። በ1950ዎቹና 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር «ሮከርስ» በተባሉ ወጣቶች ዘንድ ተስፋፋ። ስሙም ወጣቶቹ ከሚሰበሰቡባቸው የመንገድ ዳር ካፌዎች የመጣ ነው፤ ከእነዚህ ታዋቂው በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የለንደኑ ኤስ ካፌ ነው። የወጣቶቹ ግብ በሰዓት 100 ማይል (160 ኪ.ሜ. ገደማ) መድረስ ነበር። የትራይምፍ ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ተገጥሞ የሚሠራው «ትራይተን» የታወቀ ምሳሌ ነው።

አሠራር

መለያዎቹ ዝቅ ያለ መሪ፣ ወደ ኋላ የተወሰደ የእግር መርገጫ፣ ረዘም ያለ የነዳጅ ታንክና የአንድ ሰው መቀመጫ ናቸው። አሮጌ ሞተር በአነስተኛ ወጪ ሲለወጥ ገንዘቡ በቅድሚያ ለፍሬን፣ ለጎማና ለካቴና ይውላል፤ ቀለምና መቀመጫ ይከተላሉ። መሪው ዝቅ ሲል እስከ መጨረሻው ሲዞር ታንኩን እንዳይነካና የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶች እንዳይወጠሩ ይታያል። የሻንሲው የኋላ ክፍል ያለ ጥንቃቄ ከተቆረጠ የነጂውን ክብደት የሚሸከመው አካል ይዳከማል። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተሽከርካሪው መለያ ስለሆነ መፋቅ የለበትም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ

እንደ ሆሳዕናና ዱራሜ ባሉ ከተሞች ሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ ያጓጉዛል። የአንድ ሰው መቀመጫ የተሳፋሪውን ቦታ ስለሚያስቀር የባለቤቱን ገቢ ሊያሳጣ ይችላል። ዝቅ ያለው መሪም በኮረኮንች መንገድ እጅን ያደክማል። ስለዚህ ብየዳና ቆረጣ በሌለው፣ በብሎን በሚታሰር ለውጥ መጀመርና የተፈቱትን ዕቃዎች ማስቀመጥ ሞተሩን ወደ ቀድሞ ሥራው ለመመለስ ያስችላል።