ደካ በኮምፒዩተር ስትጻፍ

የካፋዋን ደካ በኮምፒዩተር በጻፍሁ ቁጥር ያለፈው ጣጣ ትዝ ይለኛል። እስከ 1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጆች ለፊደላችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ደን 4848፣ ካን 4779 አድርጎ ለሁሉም አንድ ቁጥር ደነገገ።

እኔን የሚማርከኝ ግን አሰላለፉ ነው። ለየፊደሉ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተመደበ፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው ለእነ ሏ። (የእነ ኳ ቤት ለብቻው ነው፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው።) ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብራቶሪ በፈጠረው፣ ለማሽኑ ቅርብ በሆነው በሲ ቋንቋ፣ ሁለት ፋንክሽኖች ይበቃሉ። አንደኛው የ«ኬ»ን ቁልፍ ተቀብሎ የከን ቁጥር፣ 4776ን፣ ይመልሳል፤ ሁለተኛው በዚያ ላይ ለራብዕ 3 ይደምራል። ሲ ሁለቱን የሚያጣምር ምልክት የለውም፤ አንዱን ጥሪ በሌላው ቅንፍ ውስጥ መክተት ነው፤ የውስጠኛው ይቀድማል።

ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? ለሲ የላቲኑ «ኬ»ም ያው ቁጥር ነው፤ 107። 3 ሲደመርበት 110 ይሆናል፤ ያ ደግሞ የላቲኑ «ኤን» ነው። ማሽኑ አንዳች ሳያጉረመርም ነን ያወጣል፤ ደካም ደነ ተብላ ትታተማለች።