ፓራፋንጎ ቆራጮቹ

ስሙማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ መኪናን ታሪክ ነው። በጉብዝናው ዘመን ባለቤቶቹ በመጋዝ ያሳደዱት፣ ዛሬ ደግሞ ሳይቆረጥ የተረፈው በውድ ዋጋ የሚፈለግ መኪና ነው። ስሙ ፎርድ ብሮንኮ ይባላል። የተወለደው አሜሪካ፣ ስሙ የገነነው ግን ድንበር ተሻግሮ፣ በሜክሲኮዋ ባጃ ካሊፎርኒያ በረሃ ነው። ዓመቱን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ1965 ገበያውን ጂፕ ሲጄ-5 እና ኢንተርናሽናል ስካውት ይዘውት ነበር። ፎርድም አላስችል ብሎት ለ1966 ብሮንኮን ይዞ ብቅ አለ። ጎኑ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ፣ መስተዋቱ ጠፍጣፋ፤ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ 92 ኢንች ብቻ። አጭር ስለሆነ በጠባብ ቦታ እንደ ልቡ ይዞራል። ከፊት የተሸከመው ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ነው፤ ለዚያ ዘመን የገጠር መኪና ትልቅ ድሎት ነበር።

ነገር ግን አንድ ጣጣ ነበረበት። የኋላ ፓራፋንጎው ቅስት ዝቅ ያለ ነው። ፋብሪካው የገጠመለት ጎማ ትንሽ ስለነበር አስፋልት ላይ ሲሄድ ማንም ልብ አይለውም። በረሃ ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። ድንጋዩ ትልቅ ጎማ ይፈልጋል፤ ትልቁ ጎማ ደግሞ ቤቱ አይበቃውም።

“ታዲያ መኪናውን በረጅም ሞላ ከፍ ማድረግ አይቀልም?” ትሉኝ ይሆናል። መልካም፤ ግን ሞላው የሚያነሳው አካሉን ነው። አክስሉና የዲፈረንሻሉ ሆድ እዚያው ዝቅ ብለው ይቀራሉ፤ እነሱን ከመሬት የሚያርቃቸው ጎማው ነው። እሱም ቢሆን በግማሹ ነው፤ ጎማው በ4 ኢንች ቢያድግ ሆዱ ከፍ የሚለው በ2 ኢንች ነው። ደግሞም አካሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ስለዚህ አካሉን ዝቅ አድርጎ ጎማውን ማሳደግ የፈለገ ሰው የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ላሜራውን መቁረጥ።

አሁን ቢል ስትሮፕ ይግባ። በካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች ከተማ ጋራዥ ያለው፣ በ1950ዎቹ የሊንከን መኪኖችን ለሜክሲኮው የካሬራ ፓናሜሪካና ውድድር አዘጋጅቶ ያስመሰገነ ባለሙያ ነው። ፎርድ ብሮንኮን ለውድድር አሰናዳልኝ ሲለው እጁን ሰብስቦ አልተቀመጠም። ኋላም የ1963ቱን የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ያሸነፈውን ፓርኔሊ ጆንስን ወደ በረሃ ጎተተው። በአንድ የገና ግብዣ ላይ፣ የበረሃ ውድድር ለአንተ አይሆንም ብሎ እልህ አስገባው ይባላል።

በመካከሉ ግን አቆራረጡን ልንገራችሁ። ጥበቡ ያለው መጋዙ ላይ ሳይሆን ልኬቱ ላይ ነው። ጀማሪው መኪናውን ሜዳ ላይ ያቆምና በጎማውና በላሜራው መካከል እጁን ሰዶ “ይበቃል” ይላል። አዋቂው ግን የፊቱን ሞላ አውልቆ አክስሉን በክሪክ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ መሪውን አንዴ እስከ ቀኝ ጥግ፣ አንዴ እስከ ግራ ጥግ ያዞረዋል። ያኔ የተደበቀው ሁሉ ይታያል፤ የፊት ጎማ አናቱ ላይ ብቻ አይደለም የሚነካው፣ ሲታጠፍ ከበሩ ፊት ያለውን የፓራፋንጎ የታች ጥግም ይፈትገዋል። የነካበትን ሁሉ ያሰምራል፤ ለሚረጨው ጭቃና ለሚፈናጠረው ጠጠር ጥቂት ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ግራይንደሩን የሚያነሳው።

ኋላው ከፊቱ ይከፋል። ብዙ ጊዜ የኋላ አካል ድርብ ነው፤ የውጭው ላሜራና የውስጡ የጎማ ቤት ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደዋል። ከብየዳው በላይ የቆረጠ ሰው ሁለቱን ያለያያቸዋል፤ በመካከላቸው በተከፈተው ክፍተት ውሃና ጭቃ ይገባል፣ ዝገቱም ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ ጠርዙን በመዶሻ አጥፎ መልሶ መበየድ፣ ፀረ-ዝገት ቀለም መቀባት ግድ ነው። ከቅስቱ ውጭ ለሚወጣው ጎማ ደግሞ ከላይ ሽፋን ይታሰርለታል፤ ያለዚያ ያነሳውን ጠጠር ሁሉ ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ያርከፈክፋል።

ወደ በረሃው እንመለስ። በ1969 ሮድ ሆልና ላሪ ማይነር የተባሉ ተወዳዳሪዎች በብሮንኮ የባጃን ውድድር ከሞተር ብስክሌቱም ከቀላሉ የአሸዋ መኪናም ቀድመው አሸነፉ። በ1971 ደግሞ ጆንስና ስትሮፕ “ቢግ ኦሊ” የተባለችውን ይዘው መጡ። መልኳ ብሮንኮ፣ ውስጧ ግን ከብረት ቱቦ የተበየደ አጽም ነው፤ ጣራዋ ላይ ክንፍ አላት። ከኤንሴናዳ እስከ ላ ፓዝ ያለውን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከ15 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሱት። በ1972ም ደገሙት።

ይህ ዝና ሲሰማ ደንበኛው “ለእኔም!” አለ። ከ1971 እስከ 1975 ባጃ ብሮንኮ የተባለ በስትሮፕ እጅ የተሰናዳ መኪና በፎርድ ሻጮች በኩል ተሸጠ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም፣ ጥቁር ኮፈን፣ ሰፋፊ ጎማ፤ ፓራፋንጎው ተቆርጦ ሽፋን ለብሷል። የተሠሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ያልደረሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? በየግቢው መጋዝ አነሳ! በረሃ ረግጦ የማያውቅ ብሮንኮ ሁሉ የኋላ ጎኑ ተቆረጠ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ብሮንኮው በዚህ መልኩ መሠራቱ በ1977 አበቃ። ዓመታት አለፉና ገበያው ፊቱን አዞረ። ዛሬ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው የኋላውን ቅስት ነው፤ በፋብሪካው ልክ ከተገኘ ዋጋው ይንራል። በአንጻሩ ከውልደቷ ጀምሮ ለውድድር የተሠራችውና የፋብሪካውን ልክ ያልጠበቀችው ቢግ ኦሊ በ2021 በጨረታ 1.87 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

እንግዲህ ገበያው ምን ፈረደ? መቁረጥን አልጠላም፤ ምክንያት የሌለውን መቁረጥ ነው የጠላው። ፎርድም የገባው ይመስላል፤ በ2021 አዲሱን ብሮንኮ ሲያመጣ ለፈለገ ሰው 35 ኢንች ጎማ ከፋብሪካ ገጠመለት፣ የፓራፋንጎውንም ሽፋን በቀላሉ የሚፈታ አደረገው። የአሮጌው ባለቤት ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የተቆረጠ ላሜራ በብሎን አይመለስም። ስለዚህ ግራይንደሩን ከመሰካቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድ ይናገር። መንገዱ ካለ ይለካና ይቁረጥ፤ ከሌለ ያስቀምጠው፣ ልጁ ይሸጠዋል።