የኮሶ ትልና የሸዋ ደጋ ከብት፤ መድኃኒቱ ያልዘጋው መንገድ

መግቢያ

የሸዋን ደጋ የከብት ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ከ1888 እስከ 1892 የወረደውን የክፉ ቀን ወሬ ነው። ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በረቱን ባዶ ስላስቀረና ረኃብም ስለ ተከተለው ሽማግሌው ለልጁ አወራው፤ ጸሐፊም ጻፈው። በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀና ታሪኩ ተዘጋ። ነገር ግን ከብቱን ሳይገድል በሥጋው ውስጥ እየተቀመጠ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው የኮሶ ትል ይህን ያህል ጸሐፊ አላገኘም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ይህ ትል በሰውና በከብት መካከል እንዴት እንደ ኖረ፣ ስመ ጥሩው መድኃኒትም እያለ ለምን እንዳልጠፋ መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. አገሩና ከብቱ

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከጌራ ወደ ሰሜን ግሼ ይቀጥላል። መርሐቤቴ ደግሞ የጀማና የወንጭት ሸለቆዎች ከአምባው የለዩት፣ ደጋና ቆላ የተቀላቀለበት አገር ነው። የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ስለሚጠጋ ብርድ የበዛበት፣ ዛፍ ያነሰበት፣ ገብስና በግ የሠለጠኑበት ነው። በዚህ አገር በሬ ቀንበር ይሸከማል፤ ላም ወተትና ጥጃ ትሰጣለች፤ ኩበቱም የማገዶውን ችግር ያቃልላል። ስለዚህ ገበሬው ከብቱን የሚያርደው ለሥጋው ብሎ አርብቶ አይደለም፤ በሬው ሲያረጅ ወይም በዓል ሲደርስ ነው እንጂ።

ደጋው ከብቱን የሚጎዱ የውስጥ ትሎች ብዙ አሉበት። በረግረግ ዳር ከሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሣር ላይ የሚጣበቀው የጉበት ትል ከብቱንና በጉን ያከሳል፤ ባለቤቱም መክሳቱን በዓይኑ ያያል። የኮሶ ትል ግን ከዚህ የተለየ ነው። በከብቱ ሥጋ ውስጥ ያለው ጫጩት ውሃ የቋጠረ ፊኛ ሲሆን መጠኑ ከስንዴ ቅንጣት እስከ ሽንብራ ይደርሳል። በልብ፣ በምላስ፣ በመንጋጋና በትከሻ ሥጋ ይበዛል። በሬው ግን እንደ ወትሮው ይበላል፤ እንደ ወትሮው ያርሳል። ምልክት የማያሳይ በሽታን ማን ይጠረጥራል?

2. ኮሶና ዝናው

በአማርኛ ኮሶ የሚለው ስም ለሦስት ነገር ይውላል፤ ለዛፉ፣ ከአበባው ለሚገኘው መድኃኒትና ለትሉ። ዛፉ የደጋ ዛፍ ነው፤ በሰሜን ሸዋ በወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴ አበባ ነው። ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ይበጠበጣል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል። የጠጣው ሰው በዚያ ቀን ሥራ አይሠራም፤ እንግዳም አይቀበልም። ያስታውካል፤ ያስቀምጣል፤ መጠኑ ካለፈም ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ምሬቱን የፈራ እንቆቆ፣ መተሬ ወይም የዱባ ፍሬ ይወስድ ነበር።

ይህ መድኃኒት ከአገር ውጭ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ከሥዕሉ ጋር ገለጸው። በ1820ዎቹ ብራዬ የተባለ በቁስጥንጥንያ የነበረ የፈረንሳይ ሐኪም የመድኃኒቱን ኃይል ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ። በ1839 ወደ ሸዋ መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የተዋወቀው ሮሼ ዴሪኩርም አበባውን ወደ አውሮፓ ካስገቡት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1864 የታተመው የእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብም ኮሶን ተቀበለው። እንዲህ ሆኖ የደጋችን አበባ በሩቅ አገር መድኃኒት ቤቶች ተሸጠ።

3. ሳይገለጥ የቆየው መንገድ

መድኃኒቱ ባሕር በተሻገረበት ዘመን ትሉ ወደ ሰው ሆድ ከየት እንደሚገባ በማስረጃ ያረጋገጠ አልነበረም። በ1861 ሎይካርት የተባለው የጀርመን ሊቅ ከሰው የወጣውን የትል ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ፣ በጥጃው ሥጋ ውስጥ ፊኛዎቹ ሲወጡ አየ። በ1869 ደግሞ በሕንድ አገር የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኦሊቨር ፊኛ ያለበትን የከብት ሥጋ የበላ ሰው ትሉን እንደሚያበቅል አሳየ። በዚህ ሁኔታ ክቡ ተገጠመ። ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ ትሉን ይይዛል፤ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ እንቁላል የሞላባቸው ቁራጮች በሰገራ ይወጣሉ፤ ከብት ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ይግጣል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሥጋው ትል ይቋጥራል።

ይህን ስናውቅ የአባቶቻችን ልማድ በሌላ ብርሃን ይታያል። ብዙ ሰዎች ኮሶን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ ነበር። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የትሉ ራስ በአንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ እንደገና አድጎ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። እንግዲህ አባቶቻችን የትሉን ዕድሜ ሳይለኩ ጊዜውን በልምድ ደርሰውበት ነበር ለማለት ይቻላል።

4. መድኃኒቱና ሜዳው

ዋናው ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ይነሣል። ይህን ያህል ኮሶ ከተጠጣ ትሉ ስለምን አልጠፋም? መልሱ ኮሶ የጠጣው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ በሌለበት መንደር ሰው የሚወጣው ከጓሮ፣ ከአጥር ሥር ወይም ከግጦሹ ዳር ነው። አንዱ የትል ቁራጭ እስከ 100000 የሚደርስ እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ደረቅ ፀሐይ እንቁላሉን ቶሎ ይገድለዋል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ግን ለወራት ያቆየዋል። ስለዚህ እንደ መንዝና እንደ ግሼ ያለው ብርዳምና እርጥብ መስክ ለእንቁላሉ የተመቸ ነው። ኮሶ ሰውየውን አዳነ፤ ትሉን ግን ከሆዱ አውጥቶ ለበሬው አስረከበው።

የቀረውን ሥራ ቅርጫ ይፈጽመዋል። በገናና በፋሲካ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፤ ሥጋውንም በመደብ ይካፈላል። ቅርጫ የመረዳዳት መልካም ሥርዓት ነው፤ ድኻውም ከበዓሉ እንዳይለይ ያደርጋል። ሆኖም መርማሪ ያላየው በሬ ፊኛ ያለበት ከሆነ፣ አብሮ የተካፈለው መንደር በሽታውንም አብሮ ይካፈላል።

በ1960 ግድም ኒክሎሳማይድ፣ ከዚያም በኋላ ፕራዚኳንቴል መጥተው የኮሶን ምሬት አስቀሩ። ይሁን እንጂ እነዚህም የሚያድኑት የታመመውን ሰው እንጂ ሜዳውን አይደለም። ቄራ ባለበት ከተማ መርማሪ መንጋጋውንና ልቡን ሰንጥቆ ፊኛ የበዛበትን ሥጋ ያስወግዳል። እንዲህ ሲሆን ክሣራው በነጋዴው በኩል ዞሮ በሬውን ባሳደገው ገበሬ ላይ ይወድቃል። ገበሬውም በሬውን በደኅና ቀልቦት ሳለ ከአጥር ሥር ለተጣለው ነገር ዕዳ ከፋይ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው የኮሶ ታሪክ የሀገር ዕውቀት ጉድለት ታሪክ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ዛፉን ለዩ፤ አበባውን መረጡ፤ ጊዜውን ወሰኑ፤ ለዓለምም አበረከቱ። የጎደለው በሰውና በበሬ መካከል ያለውን መንገድ የሚዘጋው ነገር ነበር። መንገዱ በሁለት በኩል ይዘጋል። አንደኛው በምጣድና በድስት ነው፤ በሚገባ የበሰለ ሥጋ ትሉን አያሻግርምና። ሁለተኛው በመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጸዳጃ ቤትን ወደ ገጠሩ ቤት ለማድረስ ሲደክም ለሕፃናቱ ጤና ብቻ ሳይሆን፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ለበሬው ይደክማል። የጥሬ ሥጋ ፍቅር በቶሎ የሚለወጥ አይመስልም። ስለዚህ ከሁለቱ ይልቅ ተስፋ የሚጣልበት ጉድጓዱ ነው። የሰው ሐኪምና የከብት ሐኪምም ሥራቸውን ለየብቻ ከማየት ይልቅ በአንድ መስክ ላይ ቢገናኙ፣ የኮሶ ትል ታሪክ እንደ ደስታ በሽታ ታሪክ የሚዘጋበት ቀን ይቀርባል።