ጠረጴዛ፣ ቴብል፣ ሜዛ

አንዳንድ ተማሪዎች «አማርኛ የተዋሰ ቃል ይበዛዋል፣ እንግሊዝኛ ግን ሙሉ ነው» ይላሉ። እስቲ ጠረጴዛን እንይ። እንግሊዞች ድሮ «ቦርድ» ይሉት ነበር። «ቴብል» የመጣው ከላቲን «ታቡላ» ነው፣ ሳንቃ ማለት ነው። የኛ «ጠረጴዛ» መነሻው የግሪክ «ትራፔዛ» ሲሆን ትርጉሙ ባለ አራት እግር ነው። ግሪኮች ባንክንም ትራፔዛ ይሉታል፤ የጥንት መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ነበራ የሚሠሩት! እዚህ ሞያሌ ብርና ሽልንግ ሲመነዘር ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የስዋሂሊው «ሜዛ» ደግሞ ከፖርቱጋሎች የተወሰደ ነው፤ መርከባቸው ሞምባሳ የደረሰው በ1498 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ ሁሉም ተዋሰ። ስለዚህ ተማሪዎች፣ በየትኛውም ቋንቋ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ቃል ድንበር ሲሻገር መታወቂያ አይጠየቅም።