«ጠባይ» የምትለዋ መስመር

ካርዳችሁ ላይ ከትምህርት ዓይነቶቹ ሁሉ ሥር፣ «የቀረበት ቀን» ከሚለው አጠገብ፣ «ጠባይ» የምትል መስመር ነበረች። ከጎኗ አንዲት ፊደል ትጻፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤ፣ አልፎ አልፎ ቢ። ሲ ያየ ወላጅ ምን ያደርግ እንደነበር እናንተው ታውቁታላችሁ። በቃ፣ ስለ ልጁ አመል ለግማሽ ዓመት የተባለው ነገር ያ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የአንዲት የድሮ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። አሁን እሷም የሁለተኛ ክፍል መምህርት ሆናለች። በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ ሳንመታ እንዴት አድርገን ነው ጠባይ የምናስይዛቸው?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ ወደ ታሪክ ወሰደኝና ረዘመ፤ እዚሁ ልለጥፈው አልኩ።

ከየኔታ እንነሣ። የቄስ ትምህርት ቤት ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚታየን አለንጋው ነው። ነበረ፣ አልክድም። ወላጅ ልጁን ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ይል ነበር። ከትምህርት የሚጠፋ ልጅ እግሩን ታስሮ ፊደል የሚቆጥርበት ጊዜም ነበር። «እኛን ሰው ያደረገን ዱላ ነው» የምትሉ ወዳጆቼ አላችሁ፤ ዱላውን ፈርተው ትምህርቱን ጥለው የጠፉት ልጆች ግን ዛሬ እዚህ መጥተው አስተያየት አይሰጡም።

ከአለንጋው ጎን ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱን ረስተነዋል። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ ሐዋርያ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻ ወደ ዳዊት ይሻገራል። መሻገሩ በየራሱ ፍጥነት ነው። አንዱ ቶሎ ይወጣዋል፣ ሌላው ሐዋርያ ላይ ይከርማል። ዳዊት የደገመ ዕለት ግን ቤተሰቡ አቅሙ የፈቀደውን ይደግሳል፤ ለየኔታ ስጦታ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ልጁን ይመርቃል። ቀድሞ የደረሰውም ዘግይቶ የደረሰውም ድግሱ ያው ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል የለም። «ዳዊት ደገመ» ከተባለ አለቀ፣ ያ ልጅ የሰፈሩ ክብር ነው።

ደግሞ ሌላም አለ፣ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው። ቀደም ያለው ልጅ ከኋላው ላለው ያስቆጥራል። የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ልጅ ማዳረስ አይችሉማ። ወንጌል የደረሰው ልጅ ስንደዶውን ይዞ ከታናሹ አጠገብ ቁጭ ይላል። ሽልማቱ ከረሜላ ወይም ደብተር አልነበረም፤ ሰው ተሰጠው፣ አደራ ተሰጠው። ያን አደራ የያዘ ልጅ ለመረበሽ ጊዜ አያገኝም።

ከዚያ ዘመናዊው መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ተፈሪ መኰንን በ1917፣ እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1923። እነዚህ ለአገሪቱ ያደረጉትን ለመዘርዘር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለኛ ጉዳይ የሚበቃን ይህ ነው፦ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እየተስፋፋ ሲሄድ ክፍልን፣ ደወልን፣ ፈተናን፣ ደረጃንም ይዞ መጣ። ሽልማት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ሆነ። የወላጆች ቀን፣ ሰኔ 30፣ ሦስት ልጆች ይወጣሉ፣ ደብተርና መዝገበ ቃላት ይቀበላሉ፤ የቀረው ስልሳ ልጅ ያጨበጭባል። ዓመቱን ሙሉ ለጓደኛው ላጲስ ሲያውስ፣ የወደቀውን ሲያነሣ የከረመ ልጅም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በጃንሆይ ዘመን በገና ለተማሪዎች ስጦታ ይሰጥ ነበር። ያ ግን ለጠባይም ለደረጃም አልነበረም፤ ለሁሉም ነበር። ከዚያ ዘመን ልጆች ጋር ስጨዋወት ስንተኛ እንደወጡ ረስተውት ስጦታውን ግን ያወሩልኛል። ይገርመኛል።

ጠባይን በትምህርትነት የማስተማሩ ነገርም የራሱ ጉዞ አለው። በጃንሆይ ጊዜ «ግብረ ገብ» ተባለ፤ በደርግ የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ወሰደ፤ ኋላ «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» መጣ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ ሲቀያየር አንድ ነገር አልተቀየረም፦ ልጁ ስለ ታማኝነት ተፈትኖ ከመቶ ያገኛል። ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ወረቀት ላይ ገልብጦ ያገኘውም እዚያው ይደመራል።

እውነተኛው የጠባይ ትምህርት የሚሰጠው የት ነበር ብትሉኝ፣ በአለቃው ወረቀት ላይ እላለሁ። መምህር ከክፍል ሲወጣ አለቃው ከፊት ቆሞ «የሚረብሹ» ብሎ ርዕስ ይጽፋል። ስምህ ይገባል። ዳግመኛ ካወራህ ከጎኑ ኤክስ፣ ከዚያ ሁለት ኤክስ። እስቲ አስቡት፣ በስንት ሺህ ክፍሎች፣ ለስንት አሥርት ዓመታት፣ ዝም ብሎ የቁጥር ሥራውን የሠራው ልጅ ስም አንድም ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት! ትምህርት ቤት ውስጥ ስም የሚጠራው ለጥፋት ነው የሚለውን ልጆቹ ከዚያ ተማሩ።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። ትክክል ነው፣ ዘግይቷል እንኳ እላለሁ። መምህሩ ግን በዱላው ፈንታ ምን ይያዝ? 70 ልጅ ባለበት ክፍል ይህን ጥያቄ ቁጭ ብሎ የመለሰለት የለም። ስለዚህ ዱላው ስሙን ቀየረና ማንበርከክ፣ ፀሐይ ላይ ማቆም፣ ጆሮ ማስያዝ ሆነ። ሕጉ በወረቀት ላይ ቀረ የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ላንቺ የምለው ይህን ነው። ከየኔታ አለንጋውን ተይና አደራውን ውሰጂ። በጣም የሚረብሽሽን ልጅ ማንበብ ከሚከብደው ልጅ አጠገብ አስቀምጪና «በሁለት ሳምንት እስከ ‹መ› አድርስልኝ» በይው። ሲያደርስ ሁለቱንም ጥሪያቸው፣ ክፍሉ ያጨብጭብ። አለቃሽ ርዕሱን ይቀይር፤ «የሚረዱ» ብሎ ይጻፍ። ስታመሰግኚ «ጎበዝ» ብቻ ብለሽ አትለፊው፤ ምን እንዳደረገ ንገሪው። «ሰሌዳውን ሳልጠይቅህ ስለጠረግክልኝ» ሲባል ነገም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ኮከብ መለጠፉ አይከፋም፤ ለሁሉም ልጅ የሚደርስበት መንገድ ግን ይኑረው፣ አለዚያ ያው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከማመስገንም ከመቅጣትም ይቀድማል። በ2012 በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር፣ እዚያ የሚያስተምሩ ወዳጆቼ መጀመሪያ ያስተዋሉት የክፍሉን ጸጥታ ነው። የሚነጫነጨውና የሚማታው ልጅ ቁርስ በልቶ መጣ፤ ተቀመጠ። አንቺም ረባሽ ከማለትሽ በፊት ቀስ ብለሽ በልቶ እንደሆነ ጠይቂው።

አለቃ ሆናችሁ ስም ስትጽፉ የነበራችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በስንት ቆሎና በስንት ከረሜላ ስንት ስም እንደሰረዛችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ተናገሩ። አሁን ማንም አይቀጣችሁም።