ማጥለልና ማጣራት

በቤት የኮራል ገንዳ ውሃው የሚያልፍበትን የጨርቅ ከረጢት «ማጣሪያ» እንለዋለን፤ ሥራው ግን ማጥለል ነው። ጠጅ ሲጠለል አንቡላው ይቀራል፣ አልኮሉ ግን አብሮ ይወርዳል፤ ከረጢቱም የምግብ ፍርፋሪና የዓሣ ኩስ ይይዛል እንጂ የሟሟውን ናይትሬትና ፎስፌት አያስቀርም። በየ3 ወይም 4 ቀኑ ካልታጠበ ደግሞ የያዘው እድፍ እዚያው በስብሶ አሞኒያ ይለቃል፤ ባክቴሪያዎችም አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ኮራል የሚጎሳቆለው አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ፎስፌት ሲበዛ የካልሲየም ካርቦኔት አጽሙን መገንባት ያቅተዋል።

ከረጢቱ የኮራሉን ምግብ ስለሚወስድ ይቅር የሚሉ አሉ። ኮራል ክንዶቹን ዘርግቶ ደቂቅ ፍጥረታትን እንደሚያጠምድ እውነት ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን አብዛኛውን ጉልበት የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩት አልጌዎች ነው፤ አልጌዎቹም ብርሃን ይሻሉ፣ የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ብርሃን ይጋርዳል። ስለዚህ በመመገቢያ ሰዓት ከረጢቱን ለጊዜው ማንሳት ይበቃል።