የሚሰማ ድምፅና የሚለካ ድምፅ፤ ከዋዛ እስከ ቴፕ

በአሶሳና በአካባቢው የሚኖሩት በርታዎች «ዋዛ» የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ይኸውም ከቅል ቁርጥራጭ እየተጋጠመ የሚሠራ መለከት ነው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ በመሆኑ፣ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ስለሆነም የአንዱ ልክነት የሚታወቀው ከሌሎቹ ጋር ሲሰማ ነው፤ ዳኛው ጆሮ ነው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ዳኝነት «ቃኘ» የሚል ግስ አለው። ክራር ደርዳሪ አውታሩን ይቃኛል፤ የጠላትን ስፍራ የሚሰልል ወታደርም ይቃኛል። በሁለቱም ፍች ውስጥ አስተያይቶ ማግኘት አለ፤ ቁጥር ግን የለም። «ለካ» ግን መስፈሪያ ይሻል።

በሙዚቃ ጥናት መስፈሪያውን ያስፋፋው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣው ጽሑፍ አንዱን ኦክታቭ በ1200 ሴንት ከፍሎ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ቅኝት አነጻጸረ። ሆኖም በሥራው የፒያኖ ዐዋቂው አልፍሬድ ሂፕኪንስ በሠለጠነ ጆሮው ረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ አሜሪካውያኑ ፍሌቸርና መንሰን፣ በመለኪያ እኩል የሆኑ ድምፆች በጆሮ እኩል እንደማይጎሉ፣ በተለይም ዝግ ሲሉ ወፍራሙ ድምፅ ደክሞ እንደሚሰማ በአድማጮች ፈትነው አሳዩ። በብዙ የቤት ድምፅ ማጉያዎች ላይ ከድምፅ መጨመሪያው ሌላ «ላውድነስ» የሚባል ቁልፍ የተጨመረው ስለዚህ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ድምፅ መጨመሪያ» ካላቸው ባለቤቱ የቁልፉን ጥቅም ሊያውቅ አይችልም።

በዕቃው ጥራት ላይ የሚነሣው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ ከቃላት መደበላለቅ ይመጣል። የፋብሪካው መግለጫ ለምሳሌ «ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ» ቢል ስለ መሣሪያው ይናገራል፤ ገዢው «ድምፁ ሻካራ ነው» ቢል ስለሚሰማው ይናገራል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱም ሌላውን አይሽርም።

ጉዳዩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይበልጥ ይከብዳል። የበርታ ቋንቋ በቃና ቃላትን ይለያል። የአንድ ወንድ ቀጭን ቃና በኸርዝ ሲለካ ከአንዲት ሴት ወፍራም ቃና በታች ሊሆን ይችላል፤ አድማጩ ግን ቃናውን ከተናጋሪው ድምፅ ጋር አስተያይቶ ስለሚሰማ አይሳሳትም። የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህንኑ «ከፍተኛ»ና «ዝቅተኛ» ይሉታል። በአማርኛ ግን «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ማለት አታጉላ እንጂ አወፍር ማለት አይደለም። ቃል በቃል የተተረጎመ የቃና መግለጫ እንግዲህ አንባቢውን ወደ ሌላ ነገር ይመራዋል።

ስለዚህ ለሚለካው «ድግግሞሽ»ና «የድምፅ ግፊት»፣ ለሚሰማው ደግሞ «ቅጥነት»፣ «ውፍረት»ና «ጉልህነት» ተለይተው እንዲሠራባቸው ሐሳብ እናቀርባለን። እነዚህ ቃላት በሕዝቡ አንደበት ያሉ በመሆናቸው፣ ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ መፍጠር ሳይሆን በየስፍራቸው ማኖር ነው።